ቻይና ሰው አይቀርብም ላላችሁኝ

ቻይና ተምሬ ደብረ ብርሃን ከተመለስኩ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛው ውሻ በልተሻል ወይ ነው፣ አልበላሁም፣ በቃ እሱን እንዝጋው። ሁለተኛው «ግን እዛ ቻይና ጓደኛ ነበረሽ እንዴ?» ነው፣ አጠያየቁ ራሱ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፣ የት ይኖርሻል ለማለት ነው እኮ። ያው እዚህ የምናያቸው ቻይናዎች ከኢንዱስትሪ ፓርኩና ከየፋብሪካው በር በመኪና ወጥተው በመኪና ነው የሚገቡት፣ ገበያ እንኳን ሲመጡ ሁለት ሶስት ሆነው ከአስተርጓሚ ጋር ነው፣ ሽንኩርታቸውን እንቁላላቸውን ገዝተው ውልቅ። ህፃናቱ «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይጮሁባቸዋል፣ እነሱ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ፣ ከዛ እኛ ቡና ላይ ቁጭ ብለን «እነሱኮ ሰው አይቀርቡም» ብለን ፈርደን እንነሳለን።

ይሄን ስሰማ ያናድደኛልም ያስቀኛልም። የተማርኩባት ከተማ ቼንግዱ እያለሁ የኛ ልጆች ስለ ቻይና የሚሉት ይሄንኑ ነበር፣ የሰፈሬ ቻይናዎች ደሞ ስለኛ ምን ይሉ እንደነበር ከተግባባን በኋላ ነግረውኛል፣ «እናንተ የውጭ ልጆች ሁሌ እርስ በርሳችሁ ናችሁ፣ ሰላም እንኳን ሳትሉን ነው የምታልፉት» ነው ያሉኝ። ሁለቱም ወገን አልዋሸም። ግን ነገሩ የዘርም የፀባይም አይመስለኝም፣ የግቢ ነገር ነው። ግቢ ውስጥ ታጥሮ የሚኖር ሰው ከየትም ይምጣ ሰው አይቀርብም፣ ሰው ያለበት ቦታ ላይ የለማ! እኔ ራሴ ሁለቱንም አይቼዋለሁ፣ ግቢ ውስጥ ኖሬ ማንንም አላወቅኩም፣ ከግቢ ስወጣ ሰው አልለቀኝ አለ።

ቼንግዱን ለማታውቋት፣ የሲቹዋን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነች፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው አላት፣ የኛ አየር መንገድ ከቦሌ ይበርላታል። ባቡር ከተማሩት ልጆቻችን መሀል እዛው ከተማ ሳውዝዌስት ጂያኦቶንግ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ስላሉ ስሟን ሰምታችሁ ይሆናል፣ ካልሆነም የፓንዳዎቹ ከተማ ነች። ሰማይዋ አመዳም ነው፣ በክረምታቸው ፀሀይ ብቅ ካለች ሰው ሁሉ ወንበሩን ይዞ ውጪ ነው። እኔ ደሞ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ከባህር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ላይ ውርጭ እየረገጥኩ ትምህርት ቤት የሄድኩ ሰው፣ ብርድ አያስፈራኝም ብዬ ነበር የሄድኩት። የሷ ብርድ ግን እርጥብ ነው፣ ቤት ውስጥ ድረስ ይከተላችኋል፣ ያ መንግስት የሚዘረጋው የማሞቂያ መስመር ለሰሜኑ ነው፣ ሲቹዋን የደቡብ ስለሆነ የለውም። ጣቶቼ እስኪያብጡ ነው የበረደኝ። ይሄ ብርድ በኋላ ጠቅሞኛል፣ እመጣበታለሁ።

የመጀመሪያ አመት ዶርም ነበርኩ። የውጭ ተማሪ ዶርም ብቻውን የቆመ ህንፃ ነው፣ ቻይናዎቹ ተማሪዎች ሌላ ጋ ናቸው። በር ላይ ጥበቃ አለ፣ እንግዳ ከመጣ ይመዘገባል፣ ማታ ይዘጋል። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የጋራ ኪችን አለች፣ እዛ ሽሯችንን እንሰራለን፣ ከሀገር ቤት የመጣ በርበሬ በማንኪያ እየተሰፈረ ይከፋፈላል፣ እሁድ እሁድ ቡና ይፈላል፣ ናይጄሪያው ይመጣል፣ ፓኪስታኑ ይመጣል። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን እንደዛ ሆኖ ማስተርሱን ጨርሶ፣ ከቻይና ሰው የሚያውቀው ሱፐርቫይዘሩንና የሱፐርማርኬቷን ካሸር ብቻ ሆኖ የተመለሰ ልጅ አለ፣ አንድም አይደለም። በአመት አንዴ የባህል ቀን የሚባል ነገር ይደረጋል፣ ሀበሻ ቀሚሳችንን ለብሰን እስክስታ እንወርዳለን፣ ቻይናዎቹ በሰልፍ እየመጡ አብረውን ፎቶ ይነሳሉ፣ በቃ። ስማቸውን ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተቃቅፌ የተነሳሁት ፎቶ አልበም ይሞላል። እንደዚህ አይነት ፕሮግራም ለአዘጋጁ ሪፖርት ካልሆነ በስተቀር ለማን እንደሚጠቅም እስካሁን አልገባኝም።

ሁለተኛ አመት ላይ ወጣሁ፣ ጓደኛ ፍለጋ እንዳይመስላችሁ፣ ከጎኔ ያለችው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ስትጮህ ስለምታድር ነው። የቤት ፍለጋው ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፣ ደላላው ይደውላል፣ የውጭ ሰው ናት ይላል፣ ትንሽ ያዳምጣል፣ ከዛ ወደኔ ዞሮ «ቤቱ ተከራይቷል አሉ» ይለኛል። አፍሪካ ከተባለማ እዛው ስልክ ላይ ነው የሚከራየው ሃሃሃ። እውነቱን ለመናገር ያኔ አልሳቅኩም።

በመጨረሻ ያገኘሁት በምስራቅ በኩል ያለ የድሮ ሰፈር ነው። ያ አካባቢ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግስት ፋብሪካዎች ሰፈር ነበር፣ አሁን ፋብሪካዎቹ ወይ ተነስተዋል ወይ ሌላ ነገር ሆነዋል፣ ለምሳሌ ሆንግጓንግ የሚባለው የኤሌክትሮን ቲዩብ ፋብሪካ ግቢ በ2011 እ.ኤ.አ. የሙዚቃና የኤግዚቢሽን ቦታ ሆኖ ተከፍቷል፣ ወጣቱ የድሮው ጭስ ማውጫ ስር ፎቶ ይነሳበታል። ሰራተኞቹ ግን ጡረታ ወጥተው እዛው ሰፈር አሉ፣ የኛን ኮንዶሚኒየም የሚመስል ባለ ስድስት ሰባት ፎቅ፣ ሊፍት የለ፣ መስኮቱ ሁሉ የብረት ፍርግርግ፣ ወደ አዲስ አመታቸው ሲቃረብ በየበረንዳው የአሳማ ቋሊማ ተሰቅሎ ይደርቃል። አከራዬ ከነዚህ ጡረተኞች አንዷ ናቸው። እዛ አገር ትልቅ ሴት ኒያንግኒያንግ ነው የምትባለው፣ እኔም እንደ እትዬ አድርጌ ወስጄው በሌላ ስም ጠርቼያቸው አላውቅም። የፋብሪካ ሴት ያኔ በ50 አመቷ ነበር ጡረታ የምትወጣው፣ ስለዚህ ገና ጉልበት አላቸው፣ ስራ የላቸውም፣ አንድ ልጃቸው ሸንጀን የሚባል ሌላ ከተማ ነው የሚሰራው፣ እኔ ባዶ እጄን ሻንጣ እየጎተትኩ ገባሁላቸው፣ አስቡት እንግዲህ።

ውል በፈረምን ቀን ፖሊስ ጣቢያ ራሳቸው ወሰዱኝ። የውጭ ሰው ሆቴል ካልሆነ ቤት ከገባ በ24 ሰአት ውስጥ ለሰፈሩ ፖሊስ መመዝገብ አለበት፣ ህግ ነው። ፖሊሱ የሚጠይቀኝን እሳቸው ናቸው የሚመልሱት፣ ተማሪ ናት፣ አታጨስም፣ ማታ አትዞርም፣ ካወቁኝ ገና ግማሽ ቀን አልሞላም እኮ! ከዛ ቀን ጀምሮ ትዛዝ ዘነበ። ቀዝቃዛ ውሃ አትጠጪ። ፀጉርሽ ሳይደርቅ አትውጪ። ሱሪ ስር የሚለበሰው ሱሪ የታለ፣ ብለው ደረጃ ላይ አስቁመው ቁርጭምጭሚቴን ያያሉ፣ ከሌለ ወደ ላይ ይመልሱኛል። እናቴ እንኳን እንደዚህ ተቆጣጥራኝ አታውቅም። አንዳንድ የውጭ ልጆች ይሄ ነገር ያንገሸግሻቸዋል፣ ምን አገባቸው ይላሉ፣ እኔ ግን ሰሜን ሸዋ ነው ያደግኩት፣ ጎረቤት አገባኝ ካላለ ምኑ ጎረቤት ነው። ጣቶቼ ማበጣቸውን አይተው ነው መጀመሪያ ቤታቸው ያስገቡኝ፣ ሙቅ ውሃ በሳፋ አቅርበው፣ ዝንጅብል ጨምረው፣ እግርሽን ንከሪ አሉኝ። ብርዱ ጠቅሞኛል ያልኩት ይሄንን ነው።

አሁን ወደ ኑድል ቤቱ ልሂድ፣ ምክንያቱም ሰፈሩ በሙሉ ያወቀኝ እዛ ነው። ከህንፃችን ስር አንዲት ጠባብ ኑድል ቤት አለች፣ ባልና ሚስት ናቸው የሚሰሩት፣ ከናንቾንግ ገጠር የመጡ፣ ቼንግዱ ለነሱም የሰው አገር ነው ማለት ይቻላል። ጠዋት ጠዋት ሰው ፕላስቲክ በርጩማ ላይ ቁጢጥ ብሎ ይበላል። የሲቹዋን ኑድል ደግሞ ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ከስር ብዙ ነገር ነው የሚጨመርበት፣ አኩሪ አተር ሶስ፣ ቃሪያ ዘይት፣ ሁዋጂያኦ የሚባለው አፍ የሚያደነዝዝ ቅመም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እና የአሳማ ሞራ በማንኪያ፣ ከላዩ ደሞ የተፈጨ የአሳማ ስጋ። እንግዲህ የኛን ነገር ታውቃላችሁ። አሳማ አልበላም ስል ችግር የለም፣ ሙስሊም ናት ብለው ገባቸው፣ ሙስሊም አይደለሁም ስል ግራ ገባቸው፣ ሁዳዴ ገብቶ ስጋም እንቁላልም ወተትም አልበላም ስል ደሞ ሰውየው ማንኪያውን ይዞ ቆመ።

ሚስትየዋ ወጥታ ኒያንግኒያንግን ጠራች፣ ኒያንግኒያንግ ከካርታ ተጫዋቾቹ ጋር ነበሩ፣ ሁሉም ተነስተው መጡ። እዛ አገር ቡድሂስቶች በጨረቃ አቆጣጠር በወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን ስጋ አይበሉም፣ ስለዚህ ኒያንግኒያንግ ወዲያው «አሃ፣ 1ና 15 ነው?» አሉ። አይ፣ ረቡዕና አርብ ነው፣ አልኳቸው። ዛሬ ግን ሰኞ ነው አሉ። አዎ አሁን ደሞ የተለየ ጾም ነው፣ 55 ቀን ነው አልኩ። «ሃምሳ አምስት!» ከኋላ ያሉት ሴትዮ ለኋለኞቹ አስተላለፉት፣ ሃምሳ አምስት እየተባለ እስከ አትክልት መሸጫው ሄደ። ከዛ ምርመራው ቀጠለ፣ ሽንኩርት? እበላለሁ። ነጭ ሽንኩርት? እበላለሁ። እንዴ! የነሱ ጥብቅ ጿሚ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይነካም፣ ስለዚህ ጿሚነቴ ጥርጣሬ ውስጥ ገባ። እስከ ስንት ሰአት ነው የማትበዪው ሲሉኝ እስከ ዘጠኝ ሰአት የሚቆዩ አሉ ስላቸው ደሞ እንደገና አዘኑልኝ። አሳውን ነገር ሳላነሳባቸው ቀረሁ፣ እሱን እኛም ራሳችን ተከራክረን አልጨረስነውም።

መጨረሻ ላይ ሰውየው ለኔ ብቻ አንድ ሳህን ለየ። ሞራ የለ፣ ስጋ የለ፣ የሰሊጥ ቅባትና ቃሪያ ዘይት ብቻ፣ ዘይቱ ደሞ የጎመንዘር አይነት ዘይት ነው፣ ሲቹዋን ውስጥ የሚወደደው እሱ ነው፣ ሽታው እናቴ ምጣድ የምታሰስበትን ነገር ያስታውሰኛል። ከዛ በኋላ ስገባ ሳልናገር «ሃምሳ አምስት መጣች» ይባላል። ፋሲካ ሲደርስ ስጋ በላሁ ብዬ ስነግራቸው ደስታቸው ከኔ በለጠ፣ የበሬ ስጋ ኑድል ሰርቶ ገንዘብ አልቀበልም አለኝ። ልጃቸው ሶስተኛ ክፍል ገብታ እንግሊዝኛ ስትጀምር ማታ ማታ እያስጠናኋት ነበር፣ ዋጋ ተነጋግረን አናውቅም፣ እኔ አስጠናለሁ፣ እነሱ ያበሉኛል፣ እንደዛ ነው የቀጠለው። በሞባይል ከፍዬ ለማምለጥ ስሞክር የኪውአር ኮዱን ካርቶን አንስተው ይደብቁብኛል።

ስለ ቃሪያ ካነሳሁ አይቀር፣ ፒሽየን ዶባን የሚባል ነገር አላቸው፣ ፒሽየን የቼንግዱ አንድ ዳርቻ ነው፣ ባቄላና ቀይ ቃሪያ በጨው ተደርጎ በሸክላ ጋን ይብላላል፣ ቀን ፀሀይ ይመታዋል፣ ይማሰላል፣ ሌሊት ጤዛ ያድርበታል፣ ወራት አንዳንዱም አመታት ይቆያል። ኒያንግኒያንግ የራሳቸውን በረንዳ ላይ ይሰራሉ። እኔ ባቄላ አገር ነው ያደግኩት፣ ስልጆ በልቼ፣ ጋኑን ከፍተው ሲያሸትቱኝ ሳቅ ያዘኝ፣ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። በርበሬያችንን በተራዬ አቀመስኳቸው፣ በሽሮ አድርጌ። ዝም ብለው ጨርሰው «ጥሩ ነው፣ ግን ለምን አያደነዝዝም?» አሉ። ለሲቹዋን ሰው የሚያቃጥል ብቻ የሆነ ነገር ገና ያላለቀ ምግብ ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሁዋጂያኦውን ራሳቸው ይዘው መጡና ሽሮዬ ላይ ነሰነሱት። አትሞክሩት።

ከሰአት በኋላ ደሞ ማጆንግ ነው፣ የጠጠር ጨዋታቸው። የሲቹዋን ማጆንግ 108 ጠጠር ብቻ ነው ያለው፣ ከሌላው አገር ያንሳል፣ አንድ ሰው ካሸነፈ ጨዋታው አያልቅም፣ የቀሩት ሶስቱ ይቀጥላሉ፣ እስከመጨረሻዋ ድረስ ይፋለማሉ። በትንሽ ገንዘብ ነው፣ ንትርኩ ግን የቤት ሽያጭ ነው የሚመስለው። እኔ መጀመሪያ ከኋላ ቆሜ ነበር የማየው፣ የክፍል ቻይንኛዬ እዛ ምንም አልሰራም፣ የሚያወሩት የሲቹዋንኛ ነው። ከጎን ሹራብ የሚሰሩ ሴቶች አሉ፣ እነሱ ጋ ቁጭ ማለት ጀመርኩ፣ አንድ ቀን እናንተ አገር ክር ከየት ነው የሚመጣው ሲሉኝ በአፌ ማስረዳት አቃተኝና ቾፕስቲክ ላይ የድንች ቁራጭ ሰክቼ እንዝርት ሰራሁ፣ ከአሮጌ የጥጥ ብርድ ልብስ ትንሽ ጥጥ ተቀነጠሰልኝ፣ ጭኔ ላይ አሹሬ ፈተልኩላቸው። ክሩ ወፍራምና ቋጠሮ የበዛበት ነበር፣ አያቴ ብታየው ትሰድበኝ ነበር፣ እዛ ግን ማጆንጉ ቆመ። ሰማንያ ያለፋቸው አንዲት አሮጊት እኛ ቤት በመዘውር ነበር የምንፈትለው አሉ፣ እናታቸው ሌሊት ሌሊት በኩራዝ ስትፈትል እንቅልፍ ይወስዳቸው እንደነበር፣ ልጆቻቸው ራሱ ይሄን ሰምተው አያውቁም ነበር። የኔ እናት የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሰራተኛ እንደነበረች ስነግራቸው ደሞ በቃ፣ የፋብሪካ ልጅ ሆንኩ፣ ፈረቃ ስንት ሰአት ነበር፣ ጡረታ ስንት ነው የሚከፈላት፣ ምን ያልተጠየቅኩት አለ። ከዛ በኋላ የደረጃችን ጎረቤቶች የዊቻት ግሩፕ ውስጥ አስገቡኝ፣ ዊቻትን የነሱ ቴሌግራም በሉት።

የዊቻት ግሩፑን ብታዩት! ጠዋት ሲነጋ የሚያብረቀርቅ አበባ፣ የሻይ ስኒ፣ የፀሀይ መውጫ፣ «መልካም ቀን» የሚል ፅሁፍ። እናቶቻችን ቴሌግራም ላይ የሚልኩትን «ቀኑን በሰላም ያውላችሁ» ምናምን የሚለውን ፅጌረዳ ታውቁት የለ፣ እሱው ነው፣ ማርያሟ ብቻ ናት የሌለችው።

ቼንግዱ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚመከረው የህዝብ ፓርክ ሄዶ ሄሚንግ ሻይ ቤት እንዲቀመጥ ነው፣ ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረ ነው፣ ክዳን ባለው ስኒ ጃስሚን ሻይ ታዛላችሁ፣ ሙቅ ውሃ እየተጨመረላችሁ ስትፈልጉ ቀኑን ሙሉ ትቀመጣላችሁ፣ ጆሮ የሚጠርጉት ሰውየዎች የብረት መሳሪያቸውን እያንጫረሩ ይዞራሉ፣ ከወዲያ ደሞ ወላጆች የልጆቻቸውን እድሜ፣ ደሞዝና ቁመት ወረቀት ላይ ፅፈው ትዳር ይፈልጉላቸዋል። ሂዱና እዩት፣ ያምራል። ሰው ለመተዋወቅ ከሆነ ግን የሰፈር ሻይ ቤት ይሻላል፣ ዛሬም ነገም ያው ሰዎች ናቸው የሚመጡት፣ ዛሬ ያፈጠጠባችሁ ሽማግሌ ሳምንት ወንበር ይስብላችኋል። እኔ እዛ ያወቅኳቸው አንድ አባት ኢትዮጵያ ስል አላፈጠጡም፣ «ንጉሱ ደህና ናቸው?» ነበር ያሉኝ። ኃይለሥላሴ በ1971 እ.ኤ.አ. ቻይና ሄደው ማኦን አግኝተው ነበር፣ ሰውየው ያኔ ወጣት ሰራተኛ ነበሩ፣ ጋዜጣ ላይ ያዩት ፎቶ አልጠፋባቸውም፣ ትንሽ ሰውዬ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ አሉኝ። ንጉሱ ከወረዱ ብዙ እንደቆየ ስነግራቸው አዘኑ፣ ከዛ ማን ተተካ አሉ፣ ከዛስ፣ ከዛስ፣ ያን ቀን የሀገሬን ታሪክ በተሰባበረ ቻይንኛ ሳስረዳ ነው የዋልኩት፣ ደርግ ጋ ስደርስ ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉትም ወንበራቸውን አዞሩ።

ሁሉም ማር ነው እንዳትሉኝ። ሳይጠይቅ ፀጉሬን የሚነካ ነበር፣ ሜትሮ ውስጥ ተነስቶ ሌላ ቦታ የሚቀመጥ ነበር፣ ስታጠቢው ይለቃል ወይ ብሎ ክንዴን ያሸ ህፃን ነበር (ህፃኑንስ እሺ፣ እናቱ ናት እየሳቀች የቀረፀችው)። ለነዚህ ሰዎች ሰበብ መስጠት አልፈልግም። ግን አንድ ያየሁት ነገር፣ በሰፈሬ እንዲህ ያደረገብኝ ሰው ሁልጊዜ የመጀመሪያ ቀኑ ነበር፣ እዛው ደጋግሞ ያየኝ ሰው አድርጎብኝ አያውቅም። አንዴ አንዱ እንግዳ ደረጃችን ስር ስልኩን አውጥቶ ሲቀርፀኝ ኒያንግኒያንግ መጥረጊያ ይዘው ነው የወጡበት።

ስለ ጎረቤት ስናወራ አንድ ቀን ነገሩኝ፣ ድሮ ፋብሪካው እያለ ሁሉም ይተዋወቅ ነበር፣ ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ግን ቤቶቹ ተሸጡ፣ አዳዲስ ሰው ገባ፣ ሁሉም የብረት በሩን ዘግቶ መኖር ጀመረ። ከዛ በ2008 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጡ መጣ፣ ግንቦት ወር ላይ፣ ከሰአት 8 ሰአት ከ28 በኛ አቆጣጠር፣ መነሻው ወንቹዋን ነው፣ ከቼንግዱ ሰሜን ምዕራብ ተራራው ውስጥ፣ 69 ሺህ ሰው ሞተ፣ ወደ 18 ሺህ የሚሆን የገባበት አልታወቀም። ቼንግዱ ከተማው ብዙ አልፈረሰም፣ ግን ሰው ህንፃ ውስጥ ለመተኛት ፈርቶ ፓርክና መንገድ ዳር ነበር የሚያድረው። ኒያንግኒያንግ የበላይ ፎቁን ሰውዬ ስም ያወቁት ያኔ ነው፣ ላስቲክ አብረው ወጥረው። ማጆንጉም ሹራቡም የዛኔዎቹ ናቸው አሉኝ። ስለዚህ እነሱ ራሳቸው ከበር ሲወጡ ነው የተዋወቁት።

ከተመለስኩ በኋላ ይረሱኛል ብዬ ነበር፣ ያው ሰው ነን። በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኮሮና ሲነሳ እኔ ነበርኩ የምጨነቀው፣ ጥቂት ወር ቆይቶ ግን እነሱ ማስክ አለሽ ወይ ማለት ጀመሩ፣ አስተጣጠቡን በቪዲዮ ላኩልኝ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋሮቢትና ደብረሲና ሲደርስ፣ እዚህ ሁላችንም እንወጣለን አንወጣም እያልን እንቅልፍ ባጣንበት ሰሞን፣ ኑድል ቤቱ ሰውዬ ካርታ ከፍቶ ከደብረሲና እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን መንገድ ለክቶ ላከልኝ፣ «ይሄ ቅርብ ነው፣ ለምን እዛ ተቀመጥሽ?» ብሎ። ጣርማ በርን ካርታ ላይ ያየ የናንቾንግ ሰው እሱ ብቻ ይመስለኛል። ኒያንግኒያንግ ደሞ ክፍልሽ ባዶ ነው፣ እናትሽን ይዘሽ ነይ አሉ፣ በድምፅ ነው የላኩት፣ ለእናቴ ተርጉሜ ሳሰማት ጋቢዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። መስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ቼንግዱ ሙሉ በሙሉ ስትዘጋ ደሞ ተራው የኔ ሆነ፣ በልታችኋል ወይ፣ አትክልት ይመጣል ወይ፣ እያልኩ።

ወደ ደብረ ብርሃኖቹ ቻይናዎች ልመለስ። ባለፈው ገበያ አንዱ ዛላ በርበሬ ሲመርጥ አግኝቼው በቻይንኛ ሰላም አልኩት፣ የሄናን ልጅ ነው፣ ማሽን ጠጋኝ፣ ንግግሬን ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፣ የሲቹዋን አሮጊት ነው የምትመስዪው አለኝ፣ ከማን እንደተማርኩ አላወቀማ። ስንት ጊዜ ሆነህ ስለው ሁለተኛ አመቱ ነው፣ ከፋብሪካ ውጪ የሚያውቀው ሰው ካለ ስጠይቀው ትንሽ አሰበና የሱቁን ልጅ አለ፣ ሲጋራ የሚሸጥለትን። ሳይመሽ ግቢ መግባት አለባቸው፣ ምግባቸው ግቢ፣ ልብሳቸው የሚታጠበው ግቢ፣ እሁድም ቢሆን የት እንሂድ ነው የሚሉት። ካምፓኒዎቹ የደህንነት ጉዳይ ነው ይላሉ፣ ከነበረው ነገር አንፃር ሙሉ በሙሉ መቃወምም ይከብደኛል። ግን ልጁን ቤት ወሰድኩት፣ እናቴ ቡና አፈላች፣ ቆሎውን በፍቅር በላው፣ ሶስተኛው ድረስ ቆየ፣ ሲወጣ እናቴ በዚህ ስስ ጃኬት ነው እንዴ የምትሄደው ብላ በር ላይ አስቁማ የወንድሜን ሹራብ አለበሰችው። እኔ እስክተረጉም እንኳን አልጠበቀችም። አሁን እሁድ እሁድ ብቅ ይላል፣ የሰፈሩ ልጆችም «ቻይና» ማለቱን ትተው በስሙ ነው የሚጠሩት፣ አጠራሩ እንኳን ገና ነው።

ኒያንግኒያንግ ይሄን ልጅ በቪዲዮ ካዩት ጀምሮ ሌላ ጣጣ መጣ። ቤት አለው? መኪና አለው? ወላጆቹ ጡረታ አላቸው? እያሉ ነው። እኔ ኧረ እንግዳ ነው፣ ሀገሩ እጮኛ አለችው እላለሁ፣ ማን ሰምቶኝ። እናቴ ደሞ ከጎን ሆና የሳቸውስ ልጅ አላገባም እንዴ፣ ሸንጀን ያለው፣ ጠይቂያቸው እስቲ ትለኛለች። ሁለቱ ስልኩ ውስጥ እየተያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እኔ መሀል ሆኜ ስተረጉም ግማሹን እቆርጠዋለሁ።